የመቃኛ ክር

ፍቺ፦ በአሮጌ ሬዲዮ ውስጥ የጣቢያ መፈለጊያውን ማዞሪያ ጣቢያውን ከሚመርጠው ክፍል፣ ከካፓሲተሩ፣ እና ከጠቋሚው ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ክር። በእንግሊዝኛ «ዳያል ኮርድ» ይባላል።

ለምን «ክር»? «ገመድ» ካልነው ሰሚው ወደ ኤሌክትሪክ ገመዱ ያስባል፤ ይህ ግን ኤሌክትሪክ የማያልፍበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይወፍር ክር ነው። «መቃኛ» ያልነው ደግሞ ክራርና በገና ከምንቃኝበት ግስ ወስደን ነው፤ በሬዲዮም የሚደረገው መቀበያውን ከተፈለገው ጣቢያ ጋር ማስማማት ነውና።

አሠራሩ። ማዞሪያው ሲዞር በዘንጉ ላይ ሁለት ሦስት ዙር የተጠመጠመው ክር ይሳባል። ክሩ በትናንሽ መዘውሮች ዙሪያ አልፎ በካፓሲተሩ ዘንግ ላይ ያለውን ትልቅ መዘውር ያዞራል፤ ጠቋሚውንም የጣቢያ ስሞች በተጻፉበት መስታወት ላይ ይጎትታል። እንዳይላላ አንዲት ሞላ ወጥራ ትይዘዋለች። በካፓሲተሩ ውስጥ የሚዞሩት ስስ የብረታ ብረት ቅጠሎች በማይንቀሳቀሱት መካከል ሙሉ በሙሉ ሲገቡ ሬዲዮው ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ ይይዛል፤ ሲወጡ ከፍተኛውን። በመካከለኛ ሞገድ ይህ ከ530 እስከ 1600 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ነው።

ክሩና ኢየሩሳሌም። ክሩ ጠቋሚውን ካደረሰባቸው የጣቢያ ስሞች አንዱ ኢየሩሳሌም ነው። በእንግሊዝ ሞግዚትነት ዘመን የፍልስጥኤም ሬዲዮ መጋቢት 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ማሠራጫው በራማላህ ነበር፤ የሚናገረውም በዓረብኛ፣ በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ነበር። የጣቢያው ስቱዲዮ በኋላ የተዛወረው በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ይዞታ ወደሆነ ሕንፃ ነው፤ እሱም የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ካለችበት ከኢትዮጵያ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ፣ በሄለኒ ሃማልካ ጎዳና ይገኛል። በዚያ ዘመን በተሠሩ አንዳንድ የአውሮፓ ሬዲዮዎች መስታወት ላይ «ኢየሩሳሌም» የሚል ስም ተጽፎ እናገኛለን። ጠቋሚውን እስከዚያ ስም የሚያደርሰው የመቃኛ ክሩ ነው።

ብልሽቱን መለየት። ማዞሪያው እየዞረ ጠቋሚውም ጣቢያውም ካልተንቀሳቀሱ ክሩ ተበጥሷል ወይም ይንሸራተታል። ጣቢያው እየተለወጠ ጠቋሚው ከቆመ፣ ጠቋሚው ከክሩ ላይ ወልቋል። ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለ ግን ጥፋቱ የክሩ አይደለም፤ የካፓሲተሩ ቅጠሎች ተነካክተዋል ወይም ቆሽሸዋል።

ጥገናው። አስቀድሞ ሬዲዮው ከሶኬት ይነቀል፤ ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ባሉ ሌሎች ትላልቅ ካፓሲተሮች አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊቆይ ስለሚችል፣ ልምድ የሌለው ሰው ለባለሙያ ይስጠው። አሮጌው ክር ሳይወጣ መንገዱ፣ የዙሩ ቁጥርና አቅጣጫው በወረቀት ይሣል፤ ዙሩ ከተገለበጠ ጠቋሚው ወደ ኋላ ይሄዳል። አዲሱ ክር የማይለጠጥ ይሁን፤ ተራ የስፌት ክር ይለጠጣል፣ ጠቋሚውም ቦታውን ይስታል። ክሩ በዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ካስቸገረ ዘንጉ ይጸዳል እንጂ ዘይት አይቀባም። በመጨረሻ ቅጠሎቹ ሙሉ በሙሉ ገብተው ጠቋሚው በዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ጫፍ ላይ ይታሰራል፤ ከዚያም ፍሪኩዌንሲው በሚታወቅ ጣቢያ ይረጋገጣል።

በዓረፍተ ነገር፦ «ሬዲዮው አልሞተም፤ የመቃኛ ክሩ ነው የተበጠሰው።» ይህ ልዩነት በስም ሲታወቅ፣ ጥቂት ክንድ ክር ብቻ የሚፈልግ ሬዲዮ እንደማይሠራ ዕቃ አይጣልም፤ ለባለሙያ የሚነገረውም «አልሠራ አለ» ከማለት የበለጠ የሚጠቅም ይሆናል።