የታንኳው ቤተ ሰብ፤ የባልና የሚስት ኑሮ በዝዋይ ሐይቅ ላይ

የአርሲ ደጋ ስም በተነሣ ጊዜ በሰው አሳብ ቀድሞ የሚታየው የስንዴና የገብስ ማሳ፣ የከብት መንጋና የፈረስ ግልቢያ ነው። በሮቤ ወይም በአሰላ ገበያ ስለ ታንኳና ስለ ቀዘፋ ቢወራ የሩቅ አገር ነገር ይመስላል። ዳሩ ግን ይኸው የተራራ አገር የራሱ የውሃ ዳርቻ አለው። በሮቤ በኩል ያለው ውሃ ወደ ዋቢ ሸበሌ ወርዶ የምሥራቁን መንገድ ሲይዝ፣ ከጭላሎና ከካካ ተራሮች በስተ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ በከታር ወንዝ ተሰብስቦ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ስለዚህ ደገኛው የሐይቁን ሰው ባያውቀውም፣ በእርሱ ማሳ ላይ የዘነበው ዝናብ የዚያን ሰው ታንኳ እንደሚሸከም የተረጋገጠ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው በዝዋይ ደሴቶች የሚኖሩትን የዛይ ሕዝብ ነው። ስለ እነርሱ ታሪክ የጻፉት ሊቃውንት ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ ታቦትና ስለ ብራና መጻሕፍት ነው። እኛ ግን በታንኳና በቤተ ሰብ በኩል ገብተን ያንኑ ታሪክ እንመረምራለን።

አስቀድመን ስፍራውን እንግለጽ። ኦሮሞዎች ደምበል የሚሉት ይህ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,640 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተዘርግቶ ይገኛል። ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ እጅግ በበዛበት ስፍራ እንኳ 9 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከታርና መቂ ይገቡበታል፤ ቡልቡላም ከእርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ይወርዳል። በምሥራቅ ያለው ዳርቻ የአርሲ ነው፤ ዛሬም የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ በዚያ በኩል ይገኛል። ደሴቶቹ አምስት ናቸው፤ እነርሱም ደብረ ጽዮን፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና ይባላሉ። ከሁሉ የምትበልጠው ደብረ ጽዮን በኦሮምኛ ቱሉ ጉዶ፣ ማለት ትልቁ ኮረብታ፣ ተብላ ትጠራለች።

የዛይ ቋንቋ ከስልጤና ከሐረሪ ቋንቋዎች ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው ሴማዊ ቋንቋ ነው። በሕዝቡ ትውፊት በዮዲት ወረራ ዘመን ካህናት ከአክሱም ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ዝዋይ መጡ ይባላል። በኋላም በ16ኛው ምዕተ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ሌሎች ስደተኞች ተጨመሩባቸው ይላሉ። የትውፊቱን እያንዳንዱን ቃል ማረጋገጥ ባይቻልም፣ በደብረ ጽዮን የተጠበቁት የግእዝ መጻሕፍት ደሴቱ የጥንት የክርስትና ማኅደር ለመሆኑ ምስክሮች ናቸው።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ብራናው ተጠብቆ የቆየው በካህናቱ ትጋት ነው ብንል እውነት ነው፤ ካህኑ ግን ምን በልቶ ኖረ? ከደሴት ወደ ደሴት፣ ከደሴት ወደ ዳርቻስ በምን ተሻገረ? መልሱ በታንኳ ነው። ታንኳው ደግሞ የአንድ ቤት፣ የባልና የሚስት፣ ንብረት ነበረ።

የቀድሞው ታንኳ በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገልና ፊላ ይሠራ ነበር። ሣሩ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም በእስር በእስር ተጠፍሮ፣ እስሮቹ እርስ በርስ ተጣምረው፣ ፊቱ ሾጠጥ ተደርጎ ይታሰራል። እንዲህ ያለው ታንኳ በጣና ሐይቅም የታወቀ ነው፤ በውጭ አገርም በቻድ ሐይቅና በደቡብ አሜሪካ በቲቲካካ ሐይቅ የሚኖሩ ሕዝቦች ከሣር የታሰረ ጀልባ ሲሠሩ ኖረዋል። የእንጨት ጀልባ የሚንሳፈፈው ውሃ ሳያስገባ ነው፤ የደንገል ታንኳ ግን ውሃ በውስጡ እያለፈ በሣሩ ቅለት ብቻ ይንሳፈፋል። በዚህ ምክንያት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከጉዞ መልስ ወደ ደረቅ ተስቦ ካልደረቀ ፈጥኖ ይበሰብሳል። በደንብ የተያዘው እንኳ ዕድሜው በወራት ይቈጠራል። ስለዚህ የደሴት ባለ ትዳር ጐጆውን አንድ ጊዜ ሠርቶ ለዓመታት ሲኖርበት፣ ታንኳውን ግን ደግሞ ደጋግሞ መሥራት ግዴታው ነበር።

የቀኑን ሥራ የሚከፍለው ነፋስ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ጧት ውሃው ረግቶ ይቈያል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ያስነሣል። ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ ፈጥኖ ይናወጣል። ስለሆነም ወደ ገበያ የሚሻገርም ሆነ መንጠቆውን የሚጥል ሰው ከጎሕ ጋር ይነሣል። በተቻለ መጠንም ዳር ዳሩን ይዞ ይሄዳል እንጂ የሐይቁን መካከል አይደፍርም። በዳርቻው ደንገል ውስጥ ጉማሬ ስላለ ግን ዳሩም ቢሆን ያለ ስጋት አይታለፍም።

ታንኳውን የሚቀዝፈው ባል ነው ብለን የቤቱን ሥራ ለእርሱ ብቻ ብንሰጥ እንሳሳታለን። በታንኳው ላይ የተጫነውን እንመርምር። የዛይ ሰዎች ከዓሣ ማስገርና ከእርሻ ሌላ በሽመና የታወቁ ናቸው። ሸማውን ባል ቢሸምነውም ድሩንና ማጉን የፈተለችው ሚስት ናት። እህሉ የበቀለው በኮረብታው ጐን በድንጋይ በተካበ እርከን ላይ ነው፤ እርከኑም የሁለቱ ድካም ነው። ዓሣው ከውሃ ከወጣ በኋላ ለምግብም ለገበያም የሚበቃው በቤት በሚሠራው ሥራ ነው። እንግዲህ ያቺ ትንሽ ታንኳ የምታሻግረው ዕቃ ግማሹ የሴት እጅ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ጋብቻውም ራሱ ያለ ታንኳ አይፈጸምም፤ ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው የተዳረች ሙሽራ ከውሃ በቀር ሌላ መንገድ የላትምና።

በዳርቻው ከአርሲ ኦሮሞዎች ጋር የነበረው ግንኙነት ጠብም ፍቅርም የተቀላቀለበት ነበረ። ውሃው መጠጊያ የሆነው ዳርቻው ስላስፈራ ነው፤ ነገር ግን ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ የሁለቱ ሕዝቦች ኑሮ እንዲህ ባልተሳሰረ ነበር። የደሴቱ ሰው ዓሣና ሸማ ይዞ ይመጣል፤ የዳርቻው ሰው የከብትና የእህል ባለቤት ነው። የዛይ ሰዎች ኦሮምኛን እንደ ሁለተኛ አፍ መናገራቸውና ቋንቋቸውም ከኦሮምኛ ብዙ ቃል መዋሱ ይህን ይመሰክራል። ቃል የሚዋሰው ተገበያይቶ፣ ተጋብቶና ተጎራብቶ የኖረ ሕዝብ ነውና፤ ያን ሁሉ ቃል ወደ ደሴቱ ያሻገረችው ያችው ታንኳ ናት።

አርሲ ከ1874 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በተደረጉት ዘመቻዎች በ1879 ዓ.ም. ግድም በምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ የደሴቱ ኑሮ ተለወጠ። የደሴቶቹ መሬት ጠባብና በእርሻ ብዛት የደከመ ስለ ነበረ፣ ብዙ ቤተ ሰቦች ቀስ በቀስ ወደ ዳርቻው ወርደው ሰፈሩ። ከዚያ ወዲያ አንዱ ዘመድ በደሴት፣ ሌላው በዳርቻ ሆኖ፣ ቀድሞ ከጠላት ለመራቅ ያገለግል የነበረው ታንኳ ዘመድ ከዘመድ የሚገናኝበት ሆነ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ መረብ ተስፋፋ፤ በመኪና መንገዱም ዓሣው አዲስ አበባ ድረስ ይጫን ጀመር። በኋላም የእንጨት ጀልባና ባለ ሞተር ጀልባ መጡ። ባለ ሞተሩ ጀልባ የአንድ ቀን ድካምን ወደ ጥቂት ሰዓት አሳጠረ፤ ነገር ግን በገንዘብ የሚገዛ እንጂ ባልና ሚስት ከሐይቁ ዳር አጭደው የሚያስሩት አይደለም። በዚህም የቤቱ ነፃነት በአንድ በኩል ሰፋ፣ በሌላ በኩል ጠበበ።

በሌላው ዓለም ባልና ሚስት በትንሽ ጀልባ ዳርቻ ለዳርቻ እየዞሩ የዕለቱን ነፋስና ጉዞ በመዝገብ ይጽፋሉ፤ መጽሐፍም ያወጣሉ። እነርሱ በፈቃዳቸው ለጥቂት ወራት የሚቀምሱትን ኑሮ የዛይ ባለ ትዳሮች ለብዙ ትውልድ ኖረውታል፤ መዝገብ ግን አልተዉም። ብራና ሲቈይ ደንገል ይበሰብሳል። ታሪክን የጻፍነው ከቈየው ነገር ስለ ሆነ፣ ደሴቱን የታቦት መሸሸጊያ አድርገን አወቅን እንጂ የሠራተኛ ቤት መሆኑን ዘነጋን። የድንጋይ እርከኑና ቤተ ክርስቲያኑ ለመርማሪ ይገኛሉ፤ እርከኑን ያበሉት ታንኳዎች ግን አንዱም አልቀረም።

ጉዳዩ ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። የዛይ ቋንቋ ተናጋሪዎች ጥቂት ሺህ ናቸው፤ ወልፍ ሌስላው በ1999 እ.ኤ.አ. ሰዋስዉንና መዝገበ ቃላቱን አሳትሞልናል። ይሁን እንጂ የታንኳ አሠራር ቃል በገጽ ላይ ቢቀመጥም፣ የሚያስረው እጅ ከሌለ ትርጉሙ ይጠፋል። ሐይቁም ራሱ ለመስኖ በሚሳበው ውሃና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተስፋፋው የእንቦጭ አረም ተጨንቋል። ስለዚህ በአሰላና በሮቤ ትምህርት ቤቶች ያደጉ ወጣቶች የራሳቸውን አገር ውሃ ተከትለው ቢወርዱ፣ ሽማግሌውን ስለ እስሩና ስለ ነፋሱ፣ ባልቴቲቱን ስለ ፈትሉና ስለ ገበያው ቢጠይቁና ቢጽፉ፣ ለታሪካችን ትልቅ ውለታ ይሆናል። ስለ ባልየው ብቻ የሚጠይቅ ተማሪ የታንኳውን ግማሽ ይዞ ይመለሳል፤ በግማሽ ታንኳም የሚሻገር የለም።