የተውሶ ዕውቀትና የላሊበላ ድንጋይ

በላስታ ተራሮች ትምህርት እንግዳ ሆኖ አያውቅም። የላሊበላ ደቀ መዝሙር አኩፋዳውን አንግቦ፣ ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም፣ ቅኔ ለመቁጠር ወደ ጎጃም፣ አቋቋም ለማጥናት ወደ ጎንደር ይሄድ ነበር። መንገዱ ረጅም፣ እንጀራው ቁራሽ ቢሆንም መምህሩም ጉባኤውም የአገሩ ነበሩ፤ የተማረውንም ተመልሶ የሚያገለግልበት ደብር ነበረው።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ግን ገና ከጅምሩ በውጭ ረዳት ትከሻ ላይ የቆመ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር የሚመራው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት ነበር። የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በ1944 ዓ.ም. በተፈረመ ውል ከአሜሪካው የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋር ተጎዳኘ። የሕንፃ ኮሌጁን ስዊድን፣ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመውን የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ረዱ። በ1953 ዓ.ም. ኮሌጆቹን በአንድ ቻርተር ሥር ላሰባሰበው ዩኒቨርሲቲም መንገዱን ያጠናው ከአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ቡድን ነበር። በዓለም ላይ የተፋጠጡት ሁለቱ ጎራዎች በኢትዮጵያ የመማሪያ ክፍሎች ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ዕርዳታ ብዙ ምሁራንን አፍርቷል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ይሁን እንጂ ከመምህሩ ጋር ቋንቋው፣ መጽሐፉና ምሳሌው አብረው ስለመጡ፣ ወጣቱ የሩቁን አገር እያወቀ የገዛ ገጠሩን የሚዘነጋበት ሁኔታ ተፈጠረ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር መላኩ ይህን ክፍተት ለማጥበብ የተደረገ ጥረት ነበር።

የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የተለየ ትምህርት ይሰጣል። በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ሕዝብ ከፈጀ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1947 ዓ.ም. በዓለም የጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ ድጋፍ ተቋቋመ። የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ላከ። እዚህ ላይ ገንዘቡና መምህሩ ከውጭ ቢመጡም ጥያቄውን ያቀረበው የአገሬው ሕመም ነበር።

የላሊበላ ድንጋይም ለዚሁ ምስክር ነው። ቀደም ባለ ጥገና በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተቀባውን ሬንጅ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ጣሊያናዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ የመሩት ቡድን አስወገደ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ፤ ከዝናብ እንዲከልሉ የታሰቡት መጠለያዎች ራሳቸው ሥጋት ሆነው በ2011 ዓ.ም. ነዋሪው ቅርሱን አድኑ እያለ አደባባይ ወጣ። አንዱ እንግዳ የሠራውን ሌላው እንግዳ እስኪያርም መጠበቅ የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. በአቅራቢያው ለተከፈተለት ሕዝብ የሚገባ ዕጣ አይደለም።

እንግዳን መቀበል የቆየ ባህላችን ነው፤ የዓለምን ዕውቀት በር ዘግቶ ያደገ አገርም የለም። የትብብር መለኪያው ግን የተፈረመው ውል ሳይሆን፣ እንግዳው ሲሰናበት መሮው በማን እጅ እንደሚቀር ነው።