ጭቃ ቤት

ጭቃ ቤት ግድግዳው በእንጨት ተዋቅሮ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ የሚመረግ፣ ጣሪያው በሣር ወይም በቆርቆሮ የሚከደን የቤት ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች በስፋት ይሠራል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙት በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታም ከብሎኬትና ከአርማታ ሕንፃዎች ጎን ለጎን ይታያል። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በሸገር ከተማ ውስጥ ተካተዋል።

ታሪክ

ቀድሞ ለቤት ቋሚነት የሚመረጡት እንደ ጥድና ወይራ ያሉ አገር በቀል ዛፎች ነበሩ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ ተመናመነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአጠና የሚደርስ በመሆኑ የቤት ሥራ ዋና እንጨት ሆነ። የቆርቆሮ ክዳን መስፋፋትም የቤቱን ቅርጽ ለወጠው፤ በከተሞች ክቡ የሣር ጎጆ ለባለ አራት ማዕዘኑ ቤት ቦታውን ለቀቀ።

አሠራር

በመጀመሪያ ቦታው ተደልድሎ ጉድጓድ ይቆፈርና የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ይተከላሉ። በማዕዘኖችና በበር ግራና ቀኝ ወፈር ያሉ እንጨቶች ይቆማሉ። ከዚያም ቀጫጭን ማገሮች በውስጥና በውጭ በኩል በአግድም በሚስማር ይመታሉ፤ በገጠር በልጥ ወይም በገመድ ይታሰራሉ።

ጣሪያው የሚከደነው ግድግዳው ከመመረጉ በፊት ነው። ይህም ጭቃው ሳይደርቅ ዝናብ እንዳያጥበው ይከላከላል። ጭቃው ከአፈር፣ ከውኃና ከጤፍ ጭድ ተደባልቆ በእግር ይረገጣል፤ ለተወሰኑ ቀናት እንዲብላላ ከተተወ በኋላ እንደገና ይቦካል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በቀጣዩ ቀጭን ምርጊት ይደፈናል። በመጨረሻም ግድግዳው በእበት፣ በኖራ ወይም በሲሚንቶ ይለሰናል። የሲሚንቶ ልስን ጭቃውን በደንብ ስለማይዝ ብዙ ጊዜ የሽቦ መረብ ይመታለታል።

ክብደቱን የሚሸከመው ምንድን ነው?

የጣሪያው ክብደት በዋናነት የሚወርደው በቋሚዎቹ በኩል ወደ መሬት ነው። ማገሩ ቋሚዎቹን እርስ በርስ ያያይዛል። ጭቃው በማገሩ መካከል ሲደርቅ ግድግዳው ወደ ጎን እንዳያዘም ያግዛል፤ ብርድና ሙቀትንም ይከላከላል። ጭዱ ደግሞ በአርማታ ውስጥ ፌሮ እንደሚያደርገው ስንጥቅን ይይዛል፤ ብርታቱ ግን ከብረት ጋር አይወዳደርም።

የአፈሩ ጉዳይ

ለምርጊት ቀይ አፈር ይመረጣል። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ በሰፊው ይሰነጠቃል። ችግሩ በምርጊት ብቻ አያበቃም፤ ዋልካ ላይ የቆመ ቤት ክረምትና በጋ በተፈራረቁ ቁጥር ከሥሩ ስለሚነሳና ስለሚወርድ በሮች ይጣበቃሉ፣ ግድግዳዎች ይሰነጠቃሉ። ጉዳቱ በብሎኬት ቤት ላይ ይበልጥ ይከፋል፤ ብሎኬት እንደ እንጨትና ጭቃ አይተጣጠፍምና። ስለዚህ በዋልካ ላይ ሲሠራ አፈሩን አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት ወይም መሠረቱን ከዋልካው በታች እስካለው ጠንካራ መሬት ማውረድ ይመከራል።

ጉዳትና መከላከያው

ጭቃ ቤት በብዛት የሚጎዳው ከእግሩ ነው። በመሬት ውስጥ ያለው የቋሚ ጫፍ እርጥበትና አየር በሚገናኙበት ቦታ ይበሰብሳል፤ በቆላማ አካባቢዎች ምስጥም ይበላዋል። ጫፉን በእሳት መለብለብ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት መበስበሱን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። የተሻለው መፍትሔ ግድግዳውን ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ማሳረፍ፣ የጣሪያውን ክፈፍ ማስረዘምና የጎርፍ መውረጃ ቦይ መቆፈር ነው። በዚህ መንገድ ተሠርቶ በየጊዜው የሚመረግ ቤት ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገለግላል።

ጨረቃ ቤት

በከተማ ዳርቻዎች ያለ ፈቃድ በአንድ ሌሊት የሚቆም ቤት «ጨረቃ ቤት» ይባላል። እንዲህ ያለው ቤት ብዙ ጊዜ ከእንጨትና ከጭቃ ወይም ከቆርቆሮ ይሠራል። በጥድፊያ ሲሠራ ቋሚው በቂ ጥልቀት ላይ አይደርስም፣ ጭቃውም ሳይብላላ ይመረጋል። ቤቱ ሊፈርስበት እንደሚችል የሚሰጋ ባለቤትም በድንጋይ መሠረት ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ አይደፍርም። ስለዚህ የቤቱ ድክመት ከጭቃው ይልቅ ከይዞታ ዋስትና ማጣት የሚመጣበት ጊዜ አለ።

የመሬት መንቀጥቀጥ

ኢትዮጵያን ስምጥ ሸለቆ ስለሚያቋርጣት የመሬት መንቀጥቀጥ ያሰጋታል። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አውድሟል፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና ፈንታሌ አካባቢ የተከሰተው ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በጭቃ ከተገነባ ከባድ የድንጋይ ግድግዳ ይልቅ በእንጨት የተዋቀረ ቤት ቀላልና ተጣጣፊ በመሆኑ፣ እንጨቱ ጤናማ እስከሆነ ድረስ፣ በነዋሪዎቹ ላይ የመናድ አደጋው ያነሰ ነው። በላቲን አሜሪካ «ባሀሬኬ» በሚባለው ተመሳሳይ አሠራርም ይኸው ታይቷል፤ በዚያም ክፉኛ የሚጎዱት እንጨታቸው የበሰበሰ ቤቶች ናቸው።