ከተበላሸ ፍላሽ ዲስክ የጠፉ ፋይሎችን መልሶ ስለማግኘት

በርካታ ዜጎች የትምህርት ማስረጃቸውን፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን፣ የድርጅታቸውን ሒሳብና የቤተሰብ ፎቶግራፎቻቸውን በፍላሽ ዲስክ ይይዛሉ። ፍላሽ ዲስክ ለመያዝ ቀላል ቢሆንም ለቫይረስ፣ ለስብራትና ለእርጥበት የተጋለጠ ነው። ሆኖም ፍላሹ አልከፍት ማለቱ ወይም ፋይሎች አለመታየታቸው መረጃው ጨርሶ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ውጤቱን በአብዛኛው የሚወስነው ጉዳቱ እንደታወቀ የሚወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

መረጃው ሊመለስ የሚችልበት ምክንያት

ፋይል ሲሰረዝ ኮምፒውተሩ ይዘቱን ወዲያውኑ አያጠፋም፤ ፋይሉ የነበረበትን ቦታ ነፃ እንደሆነ ብቻ ይመዘግባል። ሌላ ፋይል እስኪጻፍበት ድረስ ይዘቱ በቦታው ሊቆይ ይችላል። ስለሆነም ችግሩ እንደታወቀ በፍላሹ ላይ አዲስ ፋይል ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። ከፍላሽ የተሰረዘ ፋይል በተለምዶ ወደ ሪሳይክል ቢን ስለማይገባ በዚያ መፈለግ ውጤት አያስገኝም።

ፋይሎች ወደ ሾርትከት ሲቀየሩ

ይህ ችግር በአብዛኛው የሚከሰተው ብዙ ሰዎች በሚገለገሉባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ፍላሽ ሲሰካ ነው። እንዲህ ያለው ቫይረስ ብዙውን ጊዜ ዋናዎቹን ፋይሎች ይደብቃቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም። ሾርትከቱን መክፈት ቫይረሱን ወደ ኮምፒውተሩ ሊያዛምት ስለሚችል ሊከፈት አይገባም። በቅድሚያ ወቅታዊ አንቲቫይረስ ባለው ኮምፒውተር ፍላሹን መፈተሽ፣ ቀጥሎም በኮምፒውተሩ ማስተካከያ ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ያስፈልጋል። የተገኙት ፋይሎች ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ ከተደረጉና መከፈታቸው ከተረጋገጠ በኋላ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ይቻላል።

ፎርማት እንዲደረግ የሚጠይቅ መልእክት ሲመጣ

ይህ መልእክት በአብዛኛው የሚያመለክተው የፋይሎቹ አመዘጋገብ መጎዳቱን ነው። ጥያቄውን አለመቀበል ይገባል። የዲስክ መጠገኛ ትእዛዞችም በፍላሹ ላይ ለውጥ ስለሚያደርጉ መረጃው ከመውጣቱ በፊት መጠቀም አይመከርም። ለዚህ ተግባር እንደ ቴስትዲስክና ፎቶሬክ ያሉ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ። በአጠቃቀም ረገድ የሚከተሉትን ማወቅ ያሻል፦

1. የተገኙ ፋይሎች በኮምፒውተሩ ወይም በሌላ ዲስክ ላይ እንጂ በዚያው ፍላሽ ላይ አይቀመጡም።
2. ፎቶሬክ ፋይሎችን የሚለየው በይዘታቸው በመሆኑ የቀድሞ ስማቸው አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ እያንዳንዱን ከፍቶ መለየት ያስፈልጋል።
3. ፈጣን ፎርማት የተደረገበት ፍላሽ መረጃው ሊገኝ ይችላል። በአዳዲሶቹ የዊንዶውስ ስሪቶች ሙሉ ፎርማት ከተደረገ ግን ይዘቱ ስለሚሻር ተስፋው እጅግ አነስተኛ ነው።

አካላዊ ጉዳት ሲደርስ

ፍላሹ በአንድ ኮምፒውተር ካልታየ በሌላ መሰኪያና በሌላ ኮምፒውተር መሞከር ይገባል። በየትኛውም ካልታየ በፕሮግራም ማውጣት ስለማይቻል የባለሙያ እርዳታ ያስፈልጋል። መሰኪያው የተሰበረ ወይም የተጣመመ ፍላሽን እየነቀነቁ መሞከር ጉዳቱን ያባብሳል፤ መረጃ የያዘው ቺፕ ካልተጎዳ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ መሰኪያውን በመበየድ መረጃውን ሊያወጣ ይችላል። ውኃ የነካው ፍላሽ በሚገባ ሳይደርቅ አይሰካም። ቺፑ ራሱ ከተሰበረ መረጃውን መመለስ በአብዛኛው አይቻልም።

ለባለሙያ ከመስጠት በፊት

የአገልግሎቱን ዋጋና መረጃው ካልተገኘ ክፍያ ይኖር እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ምን እንደደረሰና ምን እንደተሞከረ ሳይደብቁ ማስረዳት ሥራውን ያቀላል። በፍላሹ የመታወቂያ፣ የባንክ ወይም የጤና ሰነድ ካለ፣ ባለሙያው በኮምፒውተሩ የቀረውን ቅጂ በባለቤቱ ፊት እንዲሰርዝ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መረጃው ካልተገኘ

የጠፋው የሰነድ ስካን ብቻ ከሆነ ዋናውን ሰነድ እንደገና ስካን ማድረግ በቂ ነው። ዋናው ሰነድም ከሌለ ሰነዱን ወደሰጠው ተቋም በመቅረብ ምትክ ወይም ግልባጭ ስለሚገኝበት አሠራር መጠየቅ ይቻላል፤ ለምሳሌ ለልደት የምስክር ወረቀት ምዝገባውን ያከናወነውን ጽሕፈት ቤት፣ ለትምህርት ማስረጃ የትምህርት ተቋሙን ሬጅስትራር መጠየቅ ይገባል። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍና የግል ሒሳብ ግን የሚተካ መዝገብ ላይኖራቸው ይችላል። በመሆኑም ፍላሽ ዲስክ ፋይል ማጓጓዣ እንጂ ብቸኛ ማስቀመጫ ሊሆን አይገባም፤ ጠቃሚ ፋይሎች ቢያንስ በሌላ አንድ ቦታ ቅጂ ሊኖራቸው ያስፈልጋል።