ስለ ኑዛዜ አጻጻፍና ስለ ሕግ ዐዋቂ ምክር

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው ያባቶቻችን ምሳሌ ሰው ለቃሉ ምን ያህል ክብር ይሰጥ እንደ ነበር ያስረዳል። ነገር ግን ተናጋሪው በሞት ከተለየ በኋላ ቃሉ በራሱ ኃይል ሊቆም አይችልም፤ የሚያጸናውም የሚያፈርሰውም ሕግ ነው። ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ በዛሬው ንግግራችን የምናቀርብልዎ ነገር፣ አባት ወይም እናት ስለ ሀብታቸው የሚተዉት ቃል ጸንቶ ይኖር ዘንድ በሕግ ዐዋቂ ምክር መጻፍ የሚገባው ስለ ምን እንደ ሆነ በታሪክ ማስረጃ የሚገልጽ ነው።

በቋንቋችን «ኑዛዜ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ሰው ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ የሚናገርበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሀብቱን ለወራሾቹ የሚደለድልበት ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ስም መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በቀድሞው ዘመን ሕመም የጸናበት ሰው የነፍስ አባቱንና ሽማግሌዎችን በአልጋው አጠገብ አስቀምጦ፣ ለነፍሱ የሚያስፈልገውንና ለልጆቹ የሚተወውን በአንድነት ይናገር ነበር። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የሚናገሩ ክፍሎች አሉት። በዚያ ዘመን የሰው ሀብት መሬቱና ከብቱ፣ እንዲሁም የቤቱ ዕቃ ስለ ነበረ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሰሙት ሽማግሌዎችም ከዚያው አገር አይርቁም ነበር።

የዛሬው የከተማ ነዋሪ ኑሮ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሀብቱ የቤት ካርታ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የአክሲዮን ወረቀት ነው። ከልጆቹ አንዱ በአዲስ አበባ፣ ሁለተኛው በሌላ ክፍለ ሀገር፣ ሦስተኛው በባሕር ማዶ ይኖራል። ጎረቤቱ ስሙን እንጂ የሀብቱን ልክ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሀብት ያለው ሰው የሕግ ምክር ሳይጠይቅ ቢናዘዝ ምን ዓይነት ችግር እንደሚከተል በግልጽ ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ የስዊድናዊው የአልፍሬድ ኖቤል ታሪክ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አልፍሬድ ኖቤል በ1833 በስቶክሆልም ተወለደ። በ1867 ድማሚት የተባለውን ፈንጂ የፈለሰፈበትን መብት አስመዘገበ፤ በብዙ አገሮችም ፋብሪካዎች አቋቁሞ እጅግ ባለጸጋ ሆነ። ሚስት አላገባም፣ ልጅም አልነበረውም። ይህ ሰው በሥራው ጠንቃቃ ሲሆን፣ ጠበቆችን ግን አያምንም ነበር። ከዚህም የተነሣ የመጨረሻ ኑዛዜውን ማንንም የሕግ ሰው ሳያማክር በገዛ እጁ ጽፎ፣ ኅዳር 27 ቀን 1895 በፓሪስ ከተማ በሚገኘው የስዊድንና የኖርዌይ ክበብ ውስጥ በአራት ምስክሮች ፊት ፈረመበት። በጽሑፉም ለዘመዶቹና ለአንዳንድ ወዳጆቹ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ከሰጠ በኋላ፣ የቀረው ሀብቱ ሁሉ በአንድነት ተጠብቆ፣ ትርፉ በየዓመቱ ለሰው ልጅ ታላቅ ጥቅም ላበረከቱ ሰዎች ሽልማት እንዲሆን አዘዘ። ከአንድ ዓመት በኋላ ታኅሣሥ 10 ቀን 1896 በኢጣልያ አገር በሳን ሬሞ ዐረፈ። የተወው ሀብት ከ31 ሚሊዮን የስዊድን ክሮነር በላይ ነበር።

ሐሳቡ የተቀደሰ እንደ ነበረ ማንም አይክድም። ነገር ግን ኑዛዜው ሲነበብ ጉድለቱ ወዲያውኑ ታየ። አንደኛ፣ ሀብቱን ተረክቦ የሚያስተዳድረው ድርጅት በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ ስለዚህ ዋናው ወራሽ ገና ያልተፈጠረ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛ፣ ሽልማቱን እንዲሰጡ የታዘዙት የስዊድን አካዳሚዎችና የኖርዌይ ሸንጎ ሐሳባቸው አስቀድሞ አልተጠየቀም። ሦስተኛ፣ ኖቤል በፓሪስ ቤት፣ በሳን ሬሞ ቪላ፣ በስዊድን አገርም በካርልስኮጋ አጠገብ መኖሪያ ስለ ነበረው፣ ጉዳዩን የሚያየው የየትኛው አገር ፍርድ ቤት እንደ ሆነ ያከራክር ጀመር። የኑዛዜው አስፈጻሚ እንዲሆን የተሾመው ራግናር ሶልማን የ26 ዓመት ወጣት የኬሚስትሪ ባለሙያ ነበር፤ መሾሙንም ያወቀው ጌታው ከሞተ በኋላ ነው።

ከዘመዶቹ አንዳንዶቹ ኑዛዜው እንዲፈርስ ተነሡ። ሶልማንም ሀብቱ በፈረንሳይ አገር እንዳይታገድ በመፍራት፣ የአክሲዮኑንና የቦንዱን ወረቀት በፈረስ ጋሪ ጭኖ፣ ሽጉጥ ይዞ እየጠበቀ በፓሪስ ጎዳናዎች አልፎ ወደ ውጭ አገር እንዲላክ አደረገ። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ልብ ይበሉ፤ የአንድ ታላቅ ሰው የመጨረሻ ቃል በሽጉጥ እስኪጠበቅ ድረስ የደረሰው ጽሑፉ በጊዜው በሕግ ዐዋቂ ዓይን ስላልተመረመረ ነው። በመጨረሻም አስፈጻሚዎቹ ካርል ሊንድሃገን የተባለውን የሕግ ሰው እንዲረዳቸው ጠየቁ። ኖቤል በሕይወቱ ሳለ የሸሸው የሕግ ምክር ከሞቱ በኋላ ግድ ሆኖ መጣ ማለት ነው።

ክርክሩ በ1898 በስምምነት አለቀ። ለዚህም ትልቅ እርዳታ ያደረገው የወንድሙ ልጅ ኢማኑኤል ኖቤል ነበር፤ እርሱም ኑዛዜው ቢፈርስ የሚጠቀም ሆኖ ሳለ ያጎቱን ቃል አላፈርስም አለ። የኖቤል ድርጅት ደንብ የጸደቀው በሰኔ ወር 1900፣ የመጀመሪያው ሽልማት የተሰጠውም በታኅሣሥ 1901 ነው። ከሞቱ ቀን ጀምሮ ቢቈጠር አምስት ዓመት ይሆናል። ኑዛዜውን ያዳኑት የአራቱ ምስክሮች ቃል፣ የአንድ ታማኝ ወጣት ትጋትና የአንድ ዘመድ ቅንነት ናቸው። የአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ውርስ ግን እንደ ሶልማን ያለ ጠባቂ የለውም፤ አምስት ዓመት ሙሉ ለመሟገት የሚበቃ ገንዘብም የለበትም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1952 ዓ.ም. በታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ኑዛዜ በሦስት ዓይነት ይደረጋል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑም በጽሑፉ መገለጽ፣ ሁሉም ወዲያውኑ መፈረም አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሆኖ በሥራው ላይ ሲገኝ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። በተናዛዡ ጽሕፈት የሚደረገው ደግሞ ፈጽሞ በራሱ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑም በግልጽ መነገር ይገባዋል፤ ከተጻፈ በኋላ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። የቃል ኑዛዜ ሞት እንደ ቀረበበት ለሚሰማው ሰው የተፈቀደ ሲሆን፣ በእርሱ የሚታዘዘው ነገር በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ በአልጋ ላይ ሆኖ ቤቱን በቃል አወርሳለሁ የሚል ሰው ልጆቹን ለክርክር ይተዋቸዋል።

ከዚህም ሌላ ቅን ሰው ሳያውቅ የሚወድቅባቸው ነገሮች አሉ። ባልና ሚስት እጅግ ከመዋደዳቸው የተነሣ በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ቢናዘዙ፣ ሕጉ ሁለት ሰዎች በአንድ ጽሑፍ የሚያደርጉትን ኑዛዜ ፈራሽ ያደርገዋል። አንድ ባል በትዳር ዘመን የተሠራውን ቤት በሙሉ ለልጁ ቢናዘዝ፣ ከጋራው ሀብት ግማሹ የሚስቱ ስለ ሆነ ያልያዘውን ሰጠ ይባላል። ልጁን ከውርስ የሚነቅል አባት ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ መግለጽ ይገባዋል። ኑዛዜ ባይኖር ልጆች፣ ወንድም ሆኑ ሴት፣ እኩል ይወርሳሉ፤ በሕይወት ያለው የትዳር ጓደኛ ግን በዚህ ሕግ ከወራሾች ተራ አልተቈጠረም። ሠላሳ ዓመት አብራ የኖረች ሚስት ግማሽ ድርሻዋን ይዛ፣ የቀረውን ግማሽ ከሚጠይቁ ወራሾች ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ልትቀር ትችላለች። ለቤተሰብ የሚሰጠው የጡረታ አበልም ከውርሱ የሚቈጠር አይደለምና በኑዛዜ ለፈለጉት ሰው ሊሰጡት አይቻልም።

ምናልባት «ሀብቴ አንዲት ቤት ብቻ ናት፤ ለአንዲት ቤት ጠበቃ ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ብዙ ቤት ያለው አንዱን ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው ልጅ ሊሰጥ ይችላል፤ አንዲት ቤት ግን ካልተሸጠች ወይም አንዱ ለሌሎቹ ገንዘብ ከፍሎ ካልወሰዳት በቀር ለአራት አትከፈልም። ወንድምና እኅት የሚጣሉት ይልቁንም በዚህች በአንዲት ቤት ነው። ጥቂት ሀብት ያለው ሰው ለሙግት የሚወጣውን ገንዘብ የሚችለው ባለመሆኑ፣ ምክር ለመጠየቅ ከባለጸጋው ይልቅ እርሱ መቅደም አለበት።

ሌሎች ደግሞ ኑዛዜ መጻፍን ሞትን እንደ መጥራት ቈጥረው ይፈሩታል። ይሁን እንጂ ኑዛዜ በጤና ዘመን ቢጻፍ፣ በሕይወት እስካሉ ድረስ በፈለጉ ጊዜ ሊለውጡትና ሊሽሩት ይቻላል። በሕመም ጊዜ የተጻፈ ግን ለክርክር በር ይከፍታል፤ አእምሮው ጤነኛ ነበርን? ማን ገፋፋው? የሚል ጥያቄ አይታጣምና።

እንግዲህ፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ የቤትዎን ካርታ፣ የባንክ ደብተርዎን፣ የጋብቻ ማስረጃዎንና የዕዳዎን ዝርዝር በአንድ ላይ ሰብስበው ወደ አንድ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ይሂዱ። ከትዳር ጓደኛዎ ጋር አስቀድመው ይመካከሩ፤ ኑዛዜያችሁን ግን በየግል ወረቀታችሁ ጻፉ። ጽሑፉ የት እንደሚቀመጥም አንድ የሚታመን ሰው ይወቅ። ጠበቃው ስለ ልጆችዎ ጠባይ ከእርስዎ የበለጠ አያውቅም፤ ለማን ምን እንደሚገባ መወሰን የእርስዎ ፈንታ ነው። የእርሱ ሥራ እርስዎ የወሰኑት ነገር እርስዎ በሌሉበት ቀን በዳኛ ፊት ሲነበብ ሳይወላገድ እንዲቆም ማድረግ ነው። ይህንንም ሥራ በጤናና በሰላም ጊዜ ቢፈጽሙት፣ ልጆችዎ ከቀብር መልስ ወደ ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደ አንድ ማዕድ ይሰበሰባሉ።