ዲቪ

ዲቪ፦ ወደ አሜሪካ የሚገቡ ስደተኞቻቸው ቁጥር አነስተኛ ለሆነ አገሮች ተወላጆች የቋሚ ነዋሪነት ቪዛ በዕጣ የሚሰጥበት የአሜሪካ መርሐ ግብር። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ሲሆን፣ በመደበኛነት ሥራ ላይ የዋለው ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ ነው።

ሕጉ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ ይፈቅዳል፤ አንድ አገር ከ7 በመቶ በላይ እንዳይወስድም ይገድባል። በቀደሙት 5 ዓመታት ከ50,000 በላይ ስደተኞች ወደ አሜሪካ የላከ አገር ተወላጆች አይሳተፉም።

አመልካቹ ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቀ፣ ወይም ቢያንስ የ2 ዓመት ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ 2 ዓመት የሠራ መሆን አለበት። በአንድ ዙር ከአንድ ጊዜ በላይ ቅጽ የሞላ ከውድድሩ ይሰረዛል። ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ፎቶ ማንሣቱና ቅጽ መሙላቱ የፎቶ ቤቶችና የኢንተርኔት ቤቶች ወቅታዊ ሥራ ነው።

«ዲቪ ደረሰው» የተባለ ሁሉ ግን ቪዛ አያገኝም። በየደረጃው የሚቀሩ ስለሚኖሩ ከቪዛው ብዛት በላይ ሰው ይመረጣል። ከዚያ የመዝገብ ቁጥሩ ተራ እስኪደርስ ይጠበቃል፤ የጤና ምርመራና የኤምባሲ ቃለ መጠይቅም አለ። የበጀት ዓመቱ በሴፕቴምበር 30 ሲዘጋ ያላለቀ ጉዳይ ወደ ቀጣዩ ዓመት አይተላለፍም።