የሆድ ዕቃ ጤናና የአንጎል ግንኙነት

ፍርሃትና ሐዘን በሆድ እንደሚሰማ የአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቃል፤ «ሆዴ ፈራ»፣ «ሆድ ባሰኝ» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጨጓራና አንጀት በግድግዳቸው ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት የሚገኙበት የራሳቸው የነርቭ መረብ አላቸው። ይህ መረብ ከአንጎል ጋር ከሚገናኝባቸው መንገዶች ዋነኛው ቫገስ የተባለው ረጅም ነርቭ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የነርቩ ክሮች መልእክት የሚያደርሱት ከሆድ ዕቃ ወደ አንጎል ነው።

በጭንቀት ጊዜ አንጎል የሚያስተላልፈው ትእዛዝ ጨጓራ ምግብን ቶሎ እንዳያሳልፍ ሲያደርግ፣ የትልቁን አንጀት እንቅስቃሴ ግን ያፋጥናል። ፈተና ወይም የፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ምግብ የሚያስጠላውና ወደ መጸዳጃ ቤት የሚመላለሰው በዚሁ ምክንያት ነው። በምርመራ ቁስለትም ሆነ እብጠት ሳይገኝ ሆድን የሚቆርጥ፣ ተቅማጥና ድርቀት የሚያፈራርቅ የአንጀት ሕመም በጭንቀት ይባባሳል። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው፤ የሥነ ልቡና ምክርና በአነስተኛ መጠን የሚታዘዙ የድብርት መድኃኒቶች የሚያሽሉትም አሉ።

ከሆድ ወደ አንጎል የሚደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቆያል። የጨጓራ ግድግዳ ለረጅም ዓመታት ሲቆጣ ሰውነት ቫይታሚን ቢ12ን ከምግብ መውሰድ ሊያቅተው ይችላል፤ እጥረቱም የእጅና የእግር መደንዘዝን፣ የመርሳት ችግርንና ድብርትን ያስከትላል። ጉበቱ ክፉኛ በተጎዳ ሰው ላይ ደግሞ በአንጀት ውስጥ የሚመረተው አሞኒያ ሳይጣራ አንጎል ይደርሳል። ሕመምተኛው ይቀባጥራል፣ ሌሊት ነቅቶ ቀን ይተኛል፣ በመጨረሻም ራሱን ሊስት ይችላል። ቤተሰብ ይህን የአእምሮ ሕመም ነው ብሎ ጊዜ ማጥፋት የለበትም፤ አሞኒያውን ከአንጀት የሚያስወጣ መድኃኒት ስላለ ሕመምተኛው በአፋጣኝ ሆስፒታል መድረስ ይኖርበታል።

በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስሜትን ይለውጣሉ ስለሚባለው በጥንቃቄ መናገር ይገባል። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ በአንጀት ይመረታል፤ ይሁን እንጂ ይህ ሴሮቶኒን ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። ስለዚህ «ድብርትን ከአንጀት የሚነቅሉ» ተብለው የሚሸጡ ዱቄቶችንና እንክብሎችን በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት አቋርጦ መውሰድ አደገኛ ነው። እርጎ፣ ምስር፣ ባቄላና ጎመን ለአንጀት ባክቴሪያዎች ተስማሚ ናቸው። እንጀራም ቢሆን፣ ያቦኩት ተዋህስያን በምጣዱ ሙቀት ቢሞቱም፣ አሰሩ ይጠቅማል።

«ጨጓራ ነው» ከማለት በፊት

የጨጓራ ቁስለት ለረጅም ዘመን የጭንቀትና የቅመም ውጤት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1982 ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ለይተው በማሳደጋቸው ይህ አስተሳሰብ ተለወጠ፤ ሁለቱም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ከቁስለት መንስኤዎች ዋነኞቹ ይህ ባክቴሪያና እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች መሆናቸው ይታወቃል። በመሆኑም «ሐሳብ አብዝቼ ነው» ብሎ የጨጓራ ኪኒን ብቻ እየገዙ መዋጥ ሊታከም የሚችለውን በሽታ ያዘገያል። የሰገራ ምርመራ ባክቴሪያው አሁን መኖሩን ያሳያል፤ የደም ምርመራ ግን የቀድሞውን ኢንፌክሽን ከአሁኑ አይለይም። ኦሜፕራዞል የሚወስዱ ከሆነ ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል ከምርመራው በፊት ለባለሙያው ያሳውቁ። የታዘዘውን መድኃኒት ሕመሙ ቢተውዎትም እስከ መጨረሻው ይውሰዱ።

ለመዋጥ መቸገር፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ ደም ማስታወክ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

በሌላ በኩል፣ ተደጋጋሚ ምርመራ ምንም ሳያሳይ ሕመሙ ከቀጠለ ስለ እንቅልፍዎ፣ ስለ ሐዘንዎ ወይም ስለ ሥጋትዎ ሲጠየቁ አይሸሽጉ። ድብርት ያለበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ «ሆዴን ያመኛል» ብሎ ነው፤ ባለሙያው የሚጠይቅዎትም ሕመምዎን ስላላመነ አይደለም። ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ከሱቅና ከጎረቤት ያገኟቸውን የሕመም ማስታገሻዎች ጭምር፣ ይዘው ይቅረቡ።